የልብስ ማስጫው ገመድ

እማማ የታጠበውን ልብስ በሳፋ ታቅፈው ወደ ግቢው ብቅ ሲሉ፣ ልጃቸው ወንበር ላይ ቆሞ የልብስ ማስጫቸውን ገመድ በፒንሳ ሲቆርጥ አገኙት። ገመዱን በሙሉ አልነበረም የፈለገው። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ገባ ያለውን፣ ፀሐይ ያላገኘውንና የታተመበት ጽሑፍ ያልጠፋውን ጫፍ ለይቶ፣ ክንድ ከምናምን ያህል ለክቶ ቀጭ አደረገው። የቀረው ከነመቆንጠጫዎቹ ሲሚንቶው ላይ ተዘረረ። ዘወር ሲል እናቱን አየና ሌላ አመጣልሻለሁ፣ እማ፣ አለ። ከዚያ ቁራጩን በእርጥብ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ወልውሎ፣ የመቆንጠጫ ጥርስ ያረፈበትን ቦታ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ፣ ጠቀለለና ቱታው ኪስ ውስጥ ከተተው። የሳሙናውን ርዝራዥ ነበር የሚጠርገው። ሳፋው ድንገት እማማ እጅ ላይ ከበደ።

ያ ገመድ እንደ ማንኛውም ገመድ አልነበረም። ልጃቸው በሰው ቅጥር ሳለ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥራ የተረፈ የኔትወርክ ገመድ ነው፤ ከኮርኒስ በላይ፣ አየር በሚመላለስበት ባዶ ቦታ የሚዘረጋው፣ እሳት ቢነካው የማይቀጣጠለውና የማይጨሰው ዓይነት። ስልጠናውን ጨርሶ በመጣ ሰሞን ማዕድ ቤት ገብቶ፣ በእናቱና በሚስቱ ፊት ሁለት ዓይነት ቁራጭ በክብሪት ለኩሶ አሳይቷቸው ነበር። ተራው እንደ ሻማ እየነደደ፣ ጥቁር እያንጠባጠበ ቤቱን በጭስ ሞላው፤ መስኮት ከፍተው ሲያስሉ ዋሉ። ሌላው ጠቆር አለና እዚያው ጠፋ። ኮርኒስ ማለት የሕንፃ ሳንባ ነው፣ እማ፣ አላቸው ያኔ፤ እዚያ ውስጥ የጨሰ ነገር በየክፍሉ ነው የሚወርደው፣ ሰውን ከእሳቱ በፊት ጭሱ ነው የሚጨርሰው። እማማ ነገሩን ልብ ብለው ሰምተው፣ ታዲያ ያኛውን ለምን ይሠሩታል ሲሉ ጠየቁ። ልጃቸው ከት ብሎ ሳቀና «ይረክሳላ» አለ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት የማይረባ ዕቃ ተገዝቶ በሳምንቱ ሲሰበር፣ ለምን ገዛኸው የሚል የለም፤ ሁሉም «ይረክሳላ» ብሎ ያልፈዋል።

ትናንት ማታ ደግሞ ልጃቸው ሲናገር ሰምተውታል። እማማና የልጅ ልጃቸው ከሚተኙበት አልጋ እስከ ሳሎን ያለው ግድግዳ ሳይሆን መጋረጃ ነው፤ ባልና ሚስት ሹክ እንባባል ሲሉ ድምፃቸው ይበልጥ ይሰማል። ምራታቸው የሰው ቀሚስ እያጠበበች የስፌት መኪናዋን ታስጮሃለች፣ ልጃቸው ረፍት እያደረገ ይናገራል። አሁን በያዘው ሕንፃ ውስጥ፣ ጥሩው ገመድ መጠበቂያ ክፍሉ ጋ ሲደርስ አለቀበት። ሻጩ የሚቀጥለው ጥቅል መቼ እንደሚገባ እንጃ አለው፤ ተራው ግን መደርደሪያው ላይ ሞልቷል፣ ዋጋውም ሲሶ አይሞላም፣ ደግሞስ ኮርኒስ ማን ይከፍታል፣ በየቀኑ እሳት አይነሳም አለው። የማስረከቢያው ቀን ደረሰ። ያቺን ክፍልና ኮሪደሯን ብቻ በተራው ዘረጋኋት፣ ይላል ልጃቸው፣ አሁን የእሳት መከላከያ ተቆጣጣሪ ነገ ይመጣል ተባልኩ። የስፌት መኪናው ቆመ። እማማ በጨለማው ውስጥ ምራታቸው ምን ትል ይሆን ብለው ጠበቁ። መኪናው እንደገና ተነሳ።

ሕንፃው የዓይን ክሊኒክ ነው። የእማማን የግራ ዓይን ሞራ የገፈፈችላቸው ዶክተር ከጠባቡ ቤቷ ወደዚያ እየተዛወረች ነው፤ ግማሹ ክፍል ሥራ ጀምሯል፣ ግማሹ ገና ቀለም ይሸታል። ለክትትል ሲመላለሱ፣ የሚታመን ሠራተኛ ጠፋ ብላ ስትማረር ማንም ሳይጠይቃቸው አፋቸውን የከፈቱት እሳቸው ናቸው። «ልጄ አለልሽ፤ እጁ ንጹህ ነው» አሏት። በራሱ ስም የያዘው የመጀመሪያ ሥራው ይኸው ሆነ። ያኔ በደስታ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም ነበር፤ ትናንት ማታ ደግሞ በሌላ ነገር አልወሰዳቸው አለ። የግራ ዓይናቸው ታሽጎ የወጡበት ቀን እየመጣ ተደቀነባቸው። ቀኙ ያን ጊዜም ከጥላ በቀር አያይም ነበርና፣ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዞ ደረጃ ነው፣ እማ፣ አሁን ወደ ግራ፣ አሁን ደፍ አለ፣ እያለ ነበር ከቤት ያደረሳቸው። ያን ቀን አንድ ሰው እጃቸውን ቢለቅ የትም እንደማይደርሱ ያውቁታል። ያ መጠበቂያ ክፍል ደግሞ እንደሳቸው ያሉ ሰዎች ተደርድረው የሚቀመጡበት ነው።

ቁርስ ላይ ማንም ከማንም ጋር ዓይን አልገጠመም። ልጃቸው ሻዩን ቆሞ ጠጣ፣ ዳቦውን ግማሹን ተወው። እማማ ቤቱን ቃኙት። አዲሱ የሶፋ ልብስ አለ። የልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት ጫማ አለ። ምድጃው ባለፈው ወር ነው የተቀየረው፤ እሳቸው የዓይን ጠብታ የሚያስቀምጡባት ትንሿ ማቀዝቀዣም እንደዚያው። በጥሩውና በተራው ገመድ ዋጋ መካከል ያለው ገንዘብ ከነዚህ የትኛው ላይ እንደተቀመጠ መጠየቅ ይቻላል። ግን አንዱ የራሳቸው ጠብታ ቢሆንስ? ሳያውቁት ከሶፋው ዳር ወደ እንጨት ወንበሩ ተዛወሩ። ልጃቸው ጫማውን አስሮ ወጣ። የምሳ ዕቃው ጠረጴዛው ላይ እንደቀረ አይተዋል፤ በር ላይ ሳለ ቢጠሩት ይሰማቸው ነበር። አልጠሩትም።

ምራታቸው ስፒል በአፏ እንደያዘች ሳፋው ውስጥ የተከመረውን እርጥብ ልብስ አየች፤ ከዚያ በመስኮቱ ሲሚንቶው ላይ የተዘረረውን ገመድ አየች። ስፒሎቹን አላወጣችም። እማማ ምሳውን ረስቷል፣ ላድርስለት አሉ። ምራታቸው ፀሐዩ ዓይንዎን እንዳይመታዎ የሚል ነገር በጥርሷ መሃል አጉረመረመችና ወደ መኪናዋ ጎንበስ አለች። እማማ ነጠላ ጫማቸውን በሽፍን ቀይረው፣ ምድጃው መጥፋቱን አይተው፣ በሩ ላይ ደርሰው ተመልሰው እንደገና አይተው ወጡ።

አውቶቡሱ ውስጥ ከጎናቸው የተቀመጠች ሴትዮ ስለ ሳሙና ዋጋ አወራቻቸው። ትልቁ ሳሙና ትንሽ ሆነ፣ ትንሹ ጠፋ፣ ዋጋው ግን የትልቁ ነው አለች። እማማ እህ፣ እህ ይሏታል። ውስጣቸው ግን ሌላ ስብሰባ ላይ ነው። ለዶክተሯ ምን ይባላል? ልጄ አታሎሻል ይባላል? ወይስ ሄደው ምሳውን ሰጥተው፣ ጆሮውን ቆንጥጠው መመለስ ይሻላል? ምናልባትም ገመዱን ለሌላ ነገር ፈልጎት ይሆናል። ምናልባት ዛሬውኑ ሊቀይረው ነው፤ ለልኬት ነው የወሰደው። ይህን ሲያስቡ ትንሽ ቀለላቸው፤ ወዲያው ደግሞ ለልኬት የሚወሰድ ገመድ በጨርቅ ለምን ይወለወላል የሚለው መጣና መልሶ ከበዳቸው። የክሊኒኩ ዘበኛ ያውቃቸዋልና ሳይፈትሽ፣ ሸረሪት ውስጥ ነው ብሎ አሳለፋቸው። ልጃቸው ከኮርኒስ ኮርኒስ ሲንጠላጠል ስለሚውል ጓደኞቹ ያወጡለት ስም ነው፤ እማማ አይወዱትም። ለአንድ ልጃቸው ሸረሪት።

መጠበቂያ ክፍሉ ነጭ ነው፤ ወንበሮቹ ገና ከፕላስቲካቸው አልወጡም። መሃል ላይ መሰላል ቆሟል፣ ከላይ አንድ የኮርኒስ ሰሌዳ ተነስቷል፣ የልጃቸው ጭንቅላትና ትከሻ ቀዳዳው ውስጥ ጠፍቶ የሚታየው ከወገብ በታች ነው። እማማ ሱሪውን፣ እሳቸው በመርፌ የጠቀሙትን የጉልበቱን እጥፍ አዩና ሳይጠሩት ጥጉ ላይ ተቀመጡ። አንድ እጁ ወረደ፤ ኪሱ ገባ፤ ያቺን ጥቅል ይዞ ወጣ። ቀዳዳው ውስጥ ሲያስተካክል ቆየና የገመዷን ጫፍ ከሌሎቹ ጋር አደባልቆ ትንሽ ወደታች አንጠለጠላት። ከዚያ ጎንበስ ሲል እናቱን አየ። መጣሽ እንዴ አለ፤ እሳቸውም ምሳህን አሉና የምሳ ዕቃውን ከጉልበታቸው ላይ ከፍ አድርገው አሳዩት። ይህን ሲሉ ነው ዶክተሯና ተቆጣጣሪው በኮሪደሩ የገቡት።

ዶክተሯ ስታያቸው ፊቷ በራ። ዓይንዎ እንዴት ነው፣ ጠብታውን አላቋረጡም አይደል፣ ብላ አገጫቸውን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረቻቸው፤ እማማ ያቺን ዓይን መጨፈን ነበር ያማራቸው። ተቆጣጣሪው ከዚህ በኋላ ሌሎች ሕንፃዎች የሚጠብቁት፣ ላብ ያጠመቀው ወጣት ነው። ሳንባችን ይሄ ነው ማለት ነው አለ ቀና ብሎ፤ ልክ እንደ ልጃቸው። አየሩ ከየክፍሉ እዚህ ይሰበሰባል፣ ተጣርቶ መልሶ ይበተናል፣ ስለዚህ ገመዱን ሳላይ አልሄድም፣ ናሙና ይቆረጥልኝ፣ አለ። ልጃቸው እሺ ብሎ ከላይ የተንጠለጠለችውን ጫፍ በፒንሳ ቀጭ አድርጎ አቀበለው። ተቆጣጣሪው ጽሑፉን አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ላይተር አወጣ። ነበልባሉ ገመዱን ሲልሰው እማማ የምሳ ዕቃውን ክዳን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር። ጠቆር አለ። ጠፋ። ጭስ የለ፣ ጠብታ የለ። ጎበዝ፣ አለ ተቆጣጣሪው።

እማማ ደስ አላቸው። ሳያስቡት፣ ሳይጠሩት፣ ልጇ ፈተና እንዳለፈላት እናት ደስ አላቸው፤ ፊታቸው ላይም ሳይወጣ አልቀረም፤ ዶክተሯ አይታ እጇን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገች። «ሥራውን የሰጠሁት እኮ እሳቸውን አምኜ ነው» አለች ለተቆጣጣሪው። «እጁ ንጹህ ነው አሉኝ፤ እንዳሉትም ሆነ።» ልጃቸው መሰላሉን የሚጠርግ መስሎ አቀረቀረ። ዶክተሯና ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ለመፈራረም እዚያው አጠገብ ወዳለው ክፍል ገቡ፤ በሩን አልዘጉትም።

በዚህ መሃል አንዲት ልጅ እግር ሴት ሁለት ዓይኑ በነጭ ፋሻ የታሸገ ጎልማሳ እየመራች አምጥታ ከእማማ ጎን አስቀመጠችው። ንቅንቅ እንዳትል፣ መድኃኒት ገዝቼ መጣሁ፣ አለችው። የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው፣ አላት። እሷ ስትወጣ ፊቱን ወደ እማማ አዞረ፤ ትንፋሻቸውን ሰምቶ ይሆናል። በያጅ ነኝ አላቸው። መከላከያ መነጽሩን ሳላደርግ አንዲት ነገር ብቻ ብዬ፣ አንዲቷን በሌላ አንዲት ደግሜ፣ ዓይኔን እንደ ዕንቁላል ጠበስኩት። እማማ እግዜር ይማርህ አሉ። ቤቱ ያምራል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እህቱ ያምራል ብላዋለች፣ ግን ለእሷ የማያምር ነገር የለም፤ እጮኛዋንም ያምራል ትላለች። እማማ ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

«እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እማማ» አለ። «ላዩ ምን ይመስላል?»

እማማ ቀና አሉ። ነጭ ነው፣ በየሰሌዳው የተከፋፈለ ነው፣ እንደ ወንፊት ያለ የአየር መግቢያ አለው አሉ። ድምፃቸው የራሳቸው አልመስል አላቸው። አዎ፣ ንፋሱ ፊቴን እየነካኝ ነው፣ ደስ ይላል፣ አለ በያጁ። መውጫውስ በየት በኩል ነው? እህቴ እዚያ ፋርማሲ ካገኘችው ጋር ወሬ ከጀመረች እዚሁ ማደሬ ነው፤ መንገዱን ባጠናው ይሻላል። እማማ ወደ መውጫው አዩ። ከወንበሩ ተነስቶ፣ መሰላሉን ዞሮ፣ ኮሪደሩን ይዞ፣ ታጥፎ፣ ደረጃ ወርዶ ነው። ተራው ገመድ ያለፈበት የኮሪደሩ ኮርኒስም ከዳር እስከ ዳር ዝግ ነው። ትንሽ ራቅ ይላል፣ ልጄ፣ መታጠፊያው ጋ ደረጃ አለው፣ አሉትና ተነሱ።

ልጃቸው ሰሌዳውን ወደ ቦታው ሊመልስ ሁለት እርከን ወጥቷል። እማማ የሱሪውን ጫፍ ያዙት። እሱም ልጅ ሆኖ ገበያ መሃል እንዲሁ ነበር ቀሚሳቸውን የሚይዘው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ራስህ ንገራቸው አሉት። ምኑን ነው የምነግራቸው አለ። ፊቱን አላዩትም፤ የሱሪውን እጥፍ ነበር የሚያዩት። ወርዶ ጆሯቸው ጋ ተጠጋ። ጥቅሉ እንደገባ እቀይረዋለሁ፣ እምልልሻለሁ፣ ማንም ሳያውቅ በእረፍት ቀን ገብቼ እቀይረዋለሁ አለ። እስኪገባስ አሉ እማማ። እስኪገባ ምን ይሆናል ብለሽ ነው፣ በየቀኑ እሳት አይነሳም፣ አለ። የሻጩ ንግግር እንደሆነ ለራሱም ሳይታወቀው አልቀረም፤ ወዲያው የልጅነት ድምፁ መጣ።

«እማ፣ አታዋርጂኝ።»

ሱሪውን ለቀቁት። ወደ ቤታቸው ለመሄድ እንደተነሱ ነው የሚያውቁት። የመውጫው በርና የዶክተሯ በር በአንድ አቅጣጫ ናቸው፤ እግራቸው የትኛው ጋ እንደሚቆም እሳቸውም አላወቁም ነበር። ተቆጣጣሪው ብዕሩን ከኪሱ እያወጣ ነበር።

«ያቃጠልከው ገመድ የኔ የልብስ ማስጫ ነው» አሉ።

ተቆጣጣሪው በትህትና ሳቀ። ዶክተሯም ሳቀች፤ እማማ ጨዋታ ያውቃሉ፣ ዓይናቸውን ስሠራላቸው እንኳ አስቀውኛል አለችው። እማማ በሩን ደገፍ ብለው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ቢያልቅም ባያልቅም ከዚህ በኋላ መመለሻ እንደሌለ ገብቷቸዋል።

«ዛሬ ጠዋት ነው የቆረጠው። ልብሱ እስካሁን አልተሰጣም» አሉ።

ይሄኛው አላሳቀም። ዶክተሯ እሳቸውን፣ ከዚያ በእሳቸው በላይ አሻግራ መጠበቂያ ክፍሉን አየች። ተቆጣጣሪው ብዕሩን መልሶ ኪሱ ከተተና ወጣ። የልጃቸው ፊት ደም መስሏል። አልካደም፣ አላመነም፤ ተቆጣጣሪው ወደ መሰላሉ ሲመጣ ዞር ብሎ መንገድ ለቀቀለት፣ ከዚያ መሰላሉ እንዳይንሸራተት በሁለት እጁ ያዘለት። እማማ ያን ቀን ካዩት ሁሉ ይህ አንጀታቸውን በላው። ተቆጣጣሪው ክንዱን እስከ ብብቱ ቀዳዳው ውስጥ ሰዶ፣ ከሩቅ ጎትቶ አንድ ቁራጭ ቆረጠና ወረደ። ከቆሻሻ መጣያው የብረት ክዳን በላይ ይዞ ለኮሰው። ነደደ። ልክ ማዕድ ቤታቸው ውስጥ እንደነደደው፤ ጥቁር እያለቀሰ፣ ክዳኑ ላይ ጠብ፣ ጠብ እያለ። ጭሱ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ወጣና ወንፊቱ ውስጥ ገባ፤ ተቆጣጣሪው ረግጦ ካጠፋው በኋላ፣ ትንሽ ቆይቶ ከኮሪደሩ ማዶ አንድ ሰው አሳለ።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?» አለ በያጁ። «የተቃጠለ ላስቲክ ነው እኮ። ይሄን ሽታ አላጣውም።» ከወንበሩ ተነሳና እጆቹን ወደፊት ዘረጋ። «እማማ፣ አሉ? እንውጣ እንዴ?»

እማማ ሄደው የተዘረጋውን እጅ ያዙት። ጠፍቷል፣ ልጄ፣ ተቀመጥ፣ ለሙከራ ነው አሉት። እጁ ቀዝቅዞ ነበር። ሳይለቃቸው ተቀመጠ፤ እሳቸውም እጃቸውን ሳያስለቅቁ አጠገቡ ተቀመጡና ወለሉን አዩ። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው የወደዱት አሁን ነው። ልጃቸውን በሰው ፊት ስላስያዙት ብቻ አይደለም። ያኛው ገመድ ጠቆር ብሎ ሲጠፋ፣ ጎበዝ ሲባል፣ ደስ ያላቸው እሳቸው ናቸው። ማንም አላየውም፤ ማንም አይጠይቃቸውም። ይህ ሰው እጁን ይዞ ከጎናቸው ባይቀመጥ ኖሮ አሁን አውቶቡስ ውስጥ ሆነው፣ ልጄ ተሳካለት እያሉ ስለ ሳሙና ዋጋ ያወሩ ነበር።

ዶክተሯ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻላቸው ነበር። ሥራው ዛሬውኑ ይቁም፣ የያንዳንዱ ክፍል ኮርኒስ ይከፈትና ይታይ፣ ከዚህ ክፍል ደግሞ ገመዱ በሙሉ ይውረድ አለች፤ ለተቆጣጣሪው ነው የነገረችው፣ ልጃቸውን አላየችውም። ቀሪውን ሥራ ማን እንደሚጨርሰው በኋላ እናያለን አለች። ለእማማ፣ ይሂዱና ይረፉ፣ ዓይንዎን አያድክሙት አለቻቸው፤ ለማንኛውም በሽተኛ የምትናገርበት ድምፅ ነበር። እጇ ወደ ትከሻቸው አልተመለሰም። የበያጁ እህት መድኃኒቱን ይዛ መጣችና፣ ምነው ቀዘቀዛችሁ ብላ ወንድሟን ወሰደችው። ኮሪደሩ መታጠፊያ ጋ ደረጃ አለ፣ እጅሽን አጥብቂ ሲላት ተሰማ። እማማ የምሳ ዕቃውን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ወጡ። ዘወር ሲሉ ልጃቸው መሰላሉ ላይ ነው፤ ገመዱን ከኮርኒሱ እየጎተተ ያወርዳል፣ የወረደው እግሩ ሥር ይከመራል። ሸረሪት የሚለው ዘበኛም ዛሬ ደህና ይዋሉ ብቻ አላቸው።

ቤት ሲደርሱ ምራታቸው ሰምታለች፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በአፍ ጢሙ ተደፍቷል። የስፌት መኪናው ይጮሃል። እማማ ነጠላቸውን አጥፈው አስቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ብርጭቆውን አጠቡ፣ ያልቆሸሸውንም ሌላ ብርጭቆ አጠቡ። ሳፋው ውስጥ ያለው ልብስ መሽተት ጀምሯል። ግቢ ወጥተው የተቆረጠውን ገመድ አነሱና ከግድግዳው ምስማር እስከ ቋሚው ድረስ ወጠሩት፤ አልደረሰም። በቀሚስ መቀነት ቀጥለው ሞከሩ፣ አንድ አንሶላ ሲሰቅሉበት ተፈታና አንሶላው መሬት ወደቀ። እንደገና ሊያጥቡት ተቀመጡ። ሲያጥቡ ከኋላቸው የመኪናው ድምፅ ቆመ፣ ምራታቸው ደፉ ላይ መጥታ ተቀመጠች፤ ጭኗ ላይ የሰው ቀሚስ አለ፣ ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች። ከዚህ በኋላ ማን ያሠራዋል፣ አለች። እማማ ይህን ጥያቄ ከአውቶቡሱ ጀምረው ይዘውት ነው የመጡት። ምራታቸው ለቀሚሱ እንደምትናገር ሁሉ አቀርቅራ፣ «እኔም እኮ ማታ ሰምቼ መስፋቴን ቀጠልኩ» አለች። እማማ አንሶላውን ጨመቁ። አውቃለሁ ሊሏት ነበር፤ አውቃለሁ ማለት ግን በመጋረጃው በኩል ሲያደምጡ ነበር ማለት ነው፣ እሳቸውም እስከ ጠዋት ድረስ ምንም አላሉም ማለት ነው። ሳሙናውን አቀብይኝ አሏት።

ልጃቸው ፀሐይዋ ከጣሪያው በታች ስትወርድ መጣ። ቱታው በኮርኒስ አቧራ ነጥቷል። ከኮርኒሱ የወረደውን ገመድ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ተሸክሟል፤ በሌላ እጁ የምሳ ዕቃውን ይዟል፣ ሲያስቀምጠው እማማ ከክብደቱ እንዳልተነካ አወቁ። ለማንም ሰላም አላለም። ወንበሩን ራሱ አምጥቶ፣ ጠዋት የቆመበት ቦታ ላይ አቆመውና ከጥቅሉ ገመድ መዘዘ። ከምስማሩ እስከ ቋሚው አንዴ ወጠረው፣ ሁለተኛ ደረበው፣ አጥብቆ አሠረው። ምራታቸው በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«የቱ ነው ይሄ?» አለችው።

«ተራው ነው» አለ። ቋጠሮውን እንደገና ፈትሾ ጨመረ፦ «ግቢ ውስጥ ጭሱ ወደ ሰማይ ነው።»

«ይረክሳላ» የሚለውን ቃል ሦስቱም ሳይጠብቁት አልቀሩም፤ ማንም ግን አላለውም።

ገመዱ ከፍ ብሎ ነው የታሰረው፤ የእማማ እጅ አይደርስበትም። ፈትቶ ዝቅ ማድረግ ይችል ነበር፤ አላደረገም። ከወንበሩ ወርዶ ገመዱን በአንድ እጁ እስከ ደረታቸው ድረስ ዝቅ አድርጎ ያዘላቸውና ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። እማማ አንሶላውን ሰቀሉ። የልጅቷን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ሰቀሉ። የእሱን ሌላውን የሥራ ሱሪ፣ ጉልበቱ ላይ የጠቀሙትን፣ በሁለት መቆንጠጫ ሰቀሉ። ገመዱ ለስላሳ ነው፤ የድሮው ደረቅ ነበር፣ እጃቸው ልዩነቱን ወዲያው ለየው። ልብሱ አልቆ ሳፋው ባዶ እስኪሆን ድረስ ልጃቸው እጁን አላነሳም፤ ክንዱ ሲንቀጠቀጥ ያዩታል፣ ልቀቀው ግን አላሉትም። ካልሲ ሳይቀር አንድ በአንድ፣ ቀስ እያሉ ሰቀሉ። ሲጨርሱ ቀስ አድርጎ ለቀቀው፣ ገመዱም ከነልብሱ ወደ ላይ ወጣ፤ እርጥቡ አንሶላም በመካከላቸው ተንጠለጠለና ሁለቱም ለየብቻቸው ቀሩ።